ሜዳ ላይ የማይተነፍስ ቱቦ

ውድ ወንድሜ ዳሬል፣

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞክሬአለሁ። አንዴ «ፈረቃዬ ደርሷል» ብለህ ዘጋኸው። አንዴ መስመሩ ራሱ ተቋረጠ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ገና «የኋላው መቆለፊያ...» ብዬ ሳልጨርስ «ሳሙና ቀቢበት፣ አረፋ የሚወጣበትን እዪ፣ በቃ» አልከኝ። ስለዚህ ተቀምጬ ብጽፍልህ ይሻላል አልኩ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም። አንብበህ ስትጨርስ የፈለግኸውን በል፤ እኔ እስከዚያ የልቤን ተናግሬ ጨርሻለሁ።

አስቀድሜ ልንገርህ፣ አባዬ ደህና ነው። ጉልበቱ አብጦ ሰነበተ እንጂ አሁን በከዘራ ወዲህ ወዲያ ይላል። ጥቁር ሻዩን ይጠጣል፣ ዝንቦቹን ይራገማል፣ እኔንም ይነዘንዛል። ስለዚህ ሳትደነግጥ አንብበው። ደግሞም ይህን የምጽፍልህ ላስደነግጥህ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው። ንዴቴ የት እንደሚጀምር እንኳ ለይቼ ስለማላውቀው ከመኪናዋ ልጀምር።

ካለፈው ክረምት ወዲህ እዚህ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። የቤቱ ዙሪያ ግጦሽ አልቋል፤ ነፋስ ሲነሳ ሜዳው ራሱ ተነስቶ ወደ ቤት ይገባል። የቀሩንን በጎች በሙሉ ወደ ላይኛው ግጦሽ አውጥተናቸዋል። እዚያ ገና የሚቀመስ ቁጥቋጦ አለ፤ ፓምፑም ከጉድጓዱ እየሳበ ታንከሩን ይሞላል። ግን ታውቀዋለህ፣ የገንዳውን ውሃ የሚከፍተው ተንሳፋፊ አንዴ ከተጣበቀ ውሃው አይወርድም፤ በዚህ ሙቀት ገንዳው ሲደርቅ ደግሞ በጎቹ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም። ስለዚህ ሰው በየሁለት ቀኑ ወጥቶ ማየት አለበት። ሰው ማለት እኔ ነኝ።

መንገዱ ያው የምታውቀው ነው። ከደረቁ ወንዝ ማዶ አባዬ «ደረጃው» የሚለው ቋጥኝ ባለፈው ጎርፍ ብሶበታል። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ስትወጣ ቢያንስ አንድ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ለዚህ ነበር እኮ ከመሄድህ በፊት በነበረው ሳምንት ግራጫዋ መኪና ላይ የአየር መቆለፊያዎቹን የገጠምክልን። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ከጎኔ ተቀምጠህ እንዲህ አልከኝ፦ «ይቺን ማብሪያ ስትጫኚ ኮምፕሬሰሩ አየር ይሞላል። ይቺ የፊቱን፣ ይቺ የኋላውን ትቆልፋለች። አየሩ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ። አንዱ ቢንጠለጠልም ሌላው ይገፋሻል። ኮምፕሬሰሩ ትንሽ አጓርቶ ዝም ካለ ሁሉም ሰላም ነው። ዝም ካላለ አየር የሚወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው።» ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነግረኸኝ ሻንጣህን ልታስር ሄድክ። ይኸው ስድስት ዓመት ሊሆነን ነው።

ችግሩ የጀመረው ከገና በፊት ነው። ደረጃው ላይ ስደርስ የኋላውን ተጫንኩ፤ ኮምፕሬሰሩ ያጓራል፣ ያጓራል፣ ዝም አይልም። የተንጠለጠለው ጎማ ብቻውን እየዞረ አቧራ ይበትናል፣ መሬት የነካው ደግሞ ፍንክች አይልም። ወደኋላ ለቅቄ ወረድኩና በእግሬ ወጣሁ። ማታውን ግቢ አቁሜ ሞከርኳት። ተጫንኩ፤ ትንሽ አጓራና ዝም አለ። ደጋግሜ ተጫንኩ። ዝም። እንደ ጨዋ ልጅ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነው ሁሉ ይኸው ነው። ግቢ ውስጥ ጤነኛ፣ ደረጃው ላይ በሽተኛ። የነገርከኝን ሳሙና በሚረጭ ጠርሙስ በጥብጬ ከኮምፕሬሰሩ ጀምሬ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ረጨሁ። አንድም አረፋ የለም። ከቫልቮቹ ስር ያሉትን ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ለወጥኩ። የአየር ማጣሪያውን አጠብኩ። የፊቱን ብቻውን ሞከርኩ፣ የኋላውን ብቻውን ሞከርኩ። ሁሉም ሰላም። በማግስቱ ደረጃው ላይ ስወጣ እንደገና ታጓራለች። በራዲዮ ለጎረቤታችን ለቤቭ ስነግራት ሳቀችብኝ።

«ባል ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ፈትተሻት ነበር» አለችኝ።

«ባል ብትሆን ኖሮ ሰው ፊት ጨዋ ሆና እቤት ታሰቃየኝ ነበር። ይቺኛዋ ተገላቢጦሽ ናት» አልኳት።

ያኔ ነው እንደገና የደወልኩልህ። አንተም ሳታመነታ «ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ቀለበት አልቆ ነው። ፍቱት» አልክ። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበርክ አባዬ ሰማ። ከዚያ በኋላ እኔን ማን ይሰማኛል?

«የውስጡ ቀለበት ቢሆን ኖሮ እኮ አየሩ በዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በኩል ይወጣ ነበር» አልኩት። «የጎማ ጓንት ጣት ቆርጬ አስሬበት አይቻለሁ። አልተነፋም።»

«ዳሬል ቀለበት ነው ካለ ቀለበት ነው።»

«ዳሬል መኪናዋን ካያት ስድስት ዓመቱ ነው አባዬ።»

«ማየት ምን ያደርግለታል? ድምጿን ሰምቶ ያውቃል።»

«በስልክ የሰማው እኮ የኔን ድምፅ ነው!»

«ያው ነው» አለ። «ሁለታችሁም ታጓራላችሁ።»

ሳቅኩ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ግን ሳቄ አለቀ። የኋላውን ዲፈረንሻል መፍታት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ዘይቱን ቀዳን፣ ጎማ የሚያያዝባቸውን አክስሎች ከሁለቱም ጎን ሳብን፣ የዲፈረንሻሉን ከባድ ልብ በሁለት ሰው አወጣን። ሁለት ሰው ያልኩት ሰባ ስምንት ዓመት የሞላውና ጉልበቱ የማይታጠፍለት አባቴና እኔ ማለት ነው። የበግ መሸለቻው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ዳቦ ስንጋገር ዋልን። ቀለበቶቹን ስናወጣቸው ደህና ነበሩ። ለስላሳ፣ ጥቁር፣ እንከን የሌለባቸው። አባዬ አንዱን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየው።

«ትንሽ ደርቋል» አለ።

«አልደረቀም።»

«ለዳሬል ብታሳዪው ደርቋል ይልሽ ነበር።»

አዲስ ቀለበት አስገብተን መልሰን ገጠምናት። ጊዜ ፈጀን፤ በዚያ መሀል እኔ በየሁለት ቀኑ በእግሬ እየወጣሁ ነበር። ጨርሰን ደረጃው ላይ ስወስዳት አጓራች። መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አልጽፍልህም፣ ስምህ ግን ውስጡ አለበት።

ከዚያ ከተማ ወስጄ ኒክ ለሚባል አዲስ መካኒክ ሰጠኋት። ከቀናት በኋላ ልወስዳት ስሄድ ጋራዡ ጉድጓድ ላይ አቁሞ እንደገና ከስር ገባ፣ ሳሙና ረጨ፣ በመለኪያ አየ። እጁን እየጠረገ ሲወጣ ፊቱ ላይ ምን እንደማይ አስቀድሜ አውቄአለሁ።

«አንዲት ነጥብ አየር አይወጣም» አለኝ። «ምናልባት ማብሪያውን በደንብ አትጫኚው ይሆናል።»

«ማብሪያ እንዴት እንደሚጫኑ አውቃለሁ።»

«ወይም ገና ሳይሞላ ትነሻለሽ። ቀስ ማለት ነው፣ እሺ? አባትሽ ቢነዱልሽስ?»

አባቴ ቢነዱልኝ! ዳሬል፣ እኔ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። መንዳት የጀመርኩት ፍሬን ላይ እግሬ ሳይደርስ ነው። ቁልፉን ከእጁ ቀምቼ ወጣሁ።

አሁን የምነግርህ የዚያኑ ቀን የሆነውን ነው። ጠዋት ከተማ ከመሄዴ በፊት እኔና አባዬ ተጣልተን ነበር። መኪናዋ ኒክ ዘንድ ስትቆይ፣ እኔ ደግሞ ተረከዜ ተልጦ ጫማ ማድረግ ሲያቅተኝ፣ ላይኛው ግጦሽ ለአራት ቀን ሰው ሳያየው ቀረ። አባዬ እየተንቆራጠጠ ነበር። «ዛሬ መኪናዋን ይዤ እመጣና ቀጥታ እወጣለሁ» አልኩት። «መኪናዋን ተያት» አለ። «ዳሬል ቢኖር ይሄኔ ሁለቴ ወጥቶ ተመልሷል።» በሩን ከሚገባው በላይ ጠንከር አድርጌ ዘጋሁትና ከቤቭ ጋር ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ውሻው ታስሮ ያለቅሳል። ባርኔጣው የለም፤ በር ላይ የሚሰቅላት የሸራ የውሃ ከረጢትም የለችም። ሙቀት መለኪያው ጥላ ውስጥ አርባ አራት ይላል። ጠረጴዛ ላይ ምንም አልተወልኝም። ምን ያደርግልኛል? የት እንደሄደ የማያውቅ ሰው የለም።

ውሃ ጫንኩና በዚያችው «አንዲት ነጥብ አየር የማይወጣት» መኪና ተነሳሁ። ደረቁን ወንዝ ሳቋርጥ የከዘራው ጫፍ አሸዋው ላይ የተዋቸውን ነጠብጣቦች አየሁ። መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብለው ነበር። ትንሽ ቆይተው መዘበራረቅ ጀመሩ። ከዚያ ድንጋዩ ጀመረና ጠፉብኝ።

ደረጃው ላይ ስደርስ አላመነታሁም። ሁለቱንም ተጫንኩና ገባሁባት፤ ከወትሮው ርቄ ሄድኩ። የፊት ጎማዎቿ ሁለተኛውን ድንጋይ ወጡ፣ የቀኝ የኋላው ጉድጓዱ ላይ ተንጠለጠለና ብቻውን መዞር ጀመረ። ኮምፕሬሰሩ ያጓራል። ወደኋላ ልለቃት ስል ጭራዋ ወደ ገደሉ በኩል ተንሸራተተች፤ ፍሬን ረገጥኩና ቆመች። ወደፊት የለም፣ ወደኋላም የለም። ገመድ የሚታሰርበት ዛፍ በአካባቢው የለም። ራዲዮው ከዚያ ሸለቆ ውስጥ ቤቭ ዘንድ አይደርስም።

ያኔ ከላይ ድምፅ ሰማሁ።

«ኔሪዳ! የኋላውን ተጫኚው!»

ከቋጥኙ በላይ በኩል፣ አንዲት እጅ የምታህል ጥላ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ባርኔጣውን ያወዛውዝልኛል።

«ተጭኜዋለሁ!»

«አልቆለፈም!»

«አውቃለሁ እንዳልቆለፈ!»

«ታዲያ ለምን አትጫኚውም?»

ዳሬል፣ በሕይወት ስላየሁት ላለቅስ ነው ወይስ ድንጋይ ልወረውርበት ነው፣ እስካሁን አልገባኝም። ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ አስደግፌ፣ ውሃ ይዤ በአራት እግሬ ወጣሁለት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የውሃ ከረጢቷ ባዶ ናት። ጉልበቱ የሐብሐብ ያህል ሆኗል። ወደ ታች መውረድ አቅቶት፣ ወደ ላይም መውጣት አቅቶት እዚያች ጥላ ውስጥ ከረፋዱ ጀምሮ ከጥላዋ ጋር እየተንፏቀቀ ነበር። ውሃውን ቀስ እያልኩ ሰጠሁት፤ ጠርሙሱን እኔ ያዝኩለት።

«በጎቹን አይተሃቸዋል?» አልኩት።

«አላየሁም። ሲጮሁ ግን ሰምቻለሁ» አለ። ከዚያ ፊቱን አዞረ። «ጠዋት ይጮሁ ነበር። አሁን ቀንሰዋል።»

የበግ መንጋ ጩኸት ሲቀንስ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ተነስቼ ወደ መኪናዋ ወረድኩ።

ሞተሩን አጠፋሁ፤ የኮምፕሬሰሩ ጩኸት ግን አእምሮዬን ሊበጣጥሰው ነው። ማብሪያውን ባጠፋው አየሩን የሚያሳልፈው ቫልቭም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ የኮምፕሬሰሩን ፊውዝ ብቻ ነቀልኩ። ድንገት ሁሉ ነገር ዝም አለ። እዚያ ዝምታ ውስጥ ሰማሁት። ስስስስ። ከኋላ፣ ከስር። የኮምፕሬሰሩ ትንሽ ጋን ውስጥ የቀረው አየር እየወጣ ነበር። ይህን ሁሉ ወር ሞተሩና ኮምፕሬሰሩ ከላይ እየጮሁ ሸፍነውት ነበር። ግቢ ውስጥ ደግሞ ድምፁ ጭራሽ የለም።

የሳሙናውን ጠርሙስ ይዤ ከስር ተንሸራተትኩ። አባዬ ከላይ ይጮሃል፦ «ከስር አትግቢ! እብድ ነሽ?» ገባሁ። የተንጠለጠለው ጎማ አክስሉን ይዞት ወርዷል። ያቺ ከሻንሲው ወደ ዲፈረንሻሉ የምትመጣው ሰማያዊ ቀጭን ቱቦ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥራለች። ረጨሁባት። መጋጠሚያው አፍ ላይ፣ ቱቦዋ ነሐሱ ውስጥ በምትገባበት ቦታ፣ አረፋው እንደ ቢራ ፈላ።

አጭር ናት ዳሬል። ቱቦዋ አጭር ናት። መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትቆም ትላላለች፣ ስንጥቋም ይገጥማል፣ ሳሙናም አያገኛትም። ጎማው ሲወርድ ግን ትወጠርና ስንጥቋ ይከፈታል። ለስድስት ዓመት በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር ስትሳብ ኖራ በመጨረሻ ተሰነጠቀች። ኒክም፣ እኔም፣ አንተም በስልክ፣ ሁላችንም የመረመርናት ተኝታ ነው። ተወጥራ ስትሠራ ያያት የለም።

«አባዬ! አገኘሁት!»

«ቀለበቱ ነው አይደል?»

«ቱቦው ነው! ዳሬል አሳጥሮ ነው የቆረጠው!»

«ያኔ ቸኩሎ ስለነበር ነው» አለኝ።

ከስር ተኝቼ፣ አሸዋ አንገቴ ውስጥ እየገባ፣ ያንን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልነግርህ አልችልም። የአባዬን ሴንጢ ይዤ ነበርና ቱቦዋን ከሻንሲው ጋር ያሰርክባቸውን የፕላስቲክ ማሰሪያዎች አንድ በአንድ በጠስኳቸው። እዚያ ላይ ትርፍ ነበራት፤ ወደ ላይ ጠበቅ አድርገህ አስረህ ታች ላይ ነበር ያሳጠርካት። ጎተትኳት፤ አንድ ክንድ ያህል መጣችልኝ። የተሰነጠቀውን ጫፍ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ፣ መጋጠሚያው ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገባሁ፣ ብሎኗን አጠበቅኩ። ወጥቼ ፊውዙን መለስኩ። ኮምፕሬሰሩ አጓራ። እኔ መቁጠር እንኳ ፈራሁ። አጓራ፣ አጓራ፣ ከዚያ «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ።

እንዲህ ዓይነት ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

«ምን ሆነ? ሞተ?» አለ አባዬ ከላይ።

«ቆለፈ!»

ሞተሩን አስነስቼ በአንደኛ ማርሽ ቀስ አልኩ። መሬት የነካው ጎማ ድንጋዩን ነከሰ፣ ግራጫዋ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ወጣች፤ ሳትጮህ፣ ሳትበትን። አባዬ አጠገብ አቆምኳት። እየተደገፈኝ ገባና ወንበሩ ላይ ጭንቅላቱን ጣለ። እሱን ወደ ታች ይዤው ልሄድ ብል እዚያ መዞሪያ የለም፤ ከላይ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ወጣን።

በጎቹ ገንዳው ዙሪያ ተኝተው ነበር፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ደረቀው ሲሚንቶ አድርገው። ታንከሩ ሙሉ ነው። ተንሳፋፊው ተጣብቆ ነው። አንዴ በመዶሻ እጀታ መታሁት፤ ውሃው መጣ። ድምፁን ሲሰሙ እንዴት እንደተነሱ ብታይ ኖሮ! የቻሉት ተነሱ ማለቴ ነው። ያልተነሱም ነበሩ፤ ከመካከላቸው ያቺ አባዬ በእጁ ጡጦ ያጠባት አንድ ዓይኗ የጠፋው በግ አለችበት። ጥቂቶቹን በባርኔጣዬ ውሃ እያመጣሁ አፋቸው ውስጥ አፈሰስኩላቸው፤ ሁለቱ ቆሙልኝ። ለሌሎቹ ግን ዘግይተን ነበር።

አባዬን አውርጄ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ጫማውን ፈታሁለትና ያበጠ እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ፤ በጎቹ አልከለከሉትም። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ዳሬል ሳሙና ቀቢበት ብሎሽ ነበር እኮ። ልክ ነበር።»

እዚያ ላይ ነው የፈነዳሁት። የሞቱት በጎች መሀል ቆሜ፣ እጄ ዘይት፣ ፊቴ አፈር ሆኖ፣ በሕይወቴ አባቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ዳሬል! ዳሬል! ዳሬል የሚባል ሰው ታያለህ እዚህ? ቱቦዋን ያሳጠረው ዳሬል፣ ዲፈረንሻሉን ያስፈታን ዳሬል፣ የሄደው ዳሬል! እኔስ? ዛሬ ማን ነው የወጣው? አንዴ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ስሜን ጠርተህ ለሰው አውርተህ ታውቃለህ?» ብዙ ሌላም ብያለሁ። ሁሉንም አልጽፈውም።

አባዬ አልተቆጣም። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። እግሩን ውሃው ውስጥ እያንቀሳቀሰ ሰማኝ። ስጨርስ ቀና ብሎ በእውነት የገረመው ሰው መስሎ አየኝ።

«አንቺ እኮ እዚህ ነሽ» አለኝ። «እዚህ ያለን ሰው ስሙን ምን ያስጠራዋል?»

ይኸው ነው መልሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳኝከው አለሁ። አንዳንዴ ምስጋና ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ እንደ ውሃ፣ እንደ በር፣ እንደ ግድግዳ መቆጠር ነው እላለሁ፤ ካልፈረሰ ማንም አያየውም። አንተ ርቀህ ስላለህ ስምህ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። እሱ ስለሚናፍቅህ ነው የሚጠራህ። ይህ ገብቶኛል። የገባኝ መሆኑ ግን ንዴቴን አላበረደልኝም፤ እንዲያውም የምናደድበትን ሰው አሳጣኝ። ስለዚህ ላንተ ጻፍኩ።

ስንወርድ ደረጃው ላይ የኋላውን ተጫንኩ። ትንሽ አጓርቶ ዝም አለ። አባዬ በመዳፉ ዳሽቦርዱን ሁለቴ መታ መታ አደረገው። ያመሰገነው መኪናዋን ነው እንግዲህ።

ከተማ ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ «ከእንግዲህ ተራራ የለም» ብሎታል። «እሺ ዶክተር» አለና በር ላይ ስንደርስ «ይሄ ልጅ በግ አርብቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቱቦዋን ደግሞ በአዲስ ረጅም ቱቦ ለውጬ፣ አክስሉ ሲወርድ እንዳትወጠር አንድ ጥቅል ተውኩላት። ኒክ ጋ ሄጄ አሮጌዋን አሳየሁት። «አሃ» አለ። ይቅርታ አላለም፤ «አሃ» ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጋቢት በጋው አልቆ ሙቀቱ ሲበርድ ለአንድ ወር እሄዳለሁ። ቤቭ ባሕሩ ዳር ያለውን የእህቷን ቤት ትጠብቃለች፣ ነይ ብላኛለች። ጠዋት ተነስቼ ውሃ ውስጥ መግባትና ከውሃው ስወጣ ማንንም ስላለማጠጣት ብቻ ማሰብ እፈልጋለሁ። ፈቃድ አልጠይቅህም፤ ወስኛለሁ። አባዬ ብቻውን አይቆይም፣ በጎቹም ብቻቸውን አይቆዩም። ስለዚህ አንተ ትመጣለህ። ፈቃድህን አጠራቅም፣ ፈረቃህን ከሰው ጋር ተቀያየር፣ እንዴት እንደምታደርገው ያንተ ጉዳይ ነው። «እናያለን» ብለህ እንዳትመልስልኝ።

ትናንት ቁርስ ላይ ለአባዬ ነገርኩት። ቂጣው ላይ ቅቤ መቀባቱን አቆመ።

«አንድ ወር ሙሉ?» አለ።

«አንድ ወር ሙሉ።»

«ወደ ላይ መኪናዋን ማን ይነዳታል?»

«ዳሬል» አልኩት። ደስ ይለዋል፣ ፊቱ ይበራል፣ ከአሁኑ ክፍልህን አጽጂ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ለዚያም ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እሱ ግን ቢላዋውን አስቀመጠና በመስኮቱ ወደ ተራራው አየ። ከዚያ ያለውን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፣ ምክንያቱም ለሰው አላወራውም፣ ላንተ ብቻ ነው።

«ዳሬል እኮ አያውቅበትም» አለ። «ሳትሄጂ አሳዪው።»

እንግዲህ ቀደም ብለህ ድረስ። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ከጎንህ ተቀምጬ እጮህብሃለሁ።

እህትህ
ኔሪዳ